ስለ ማስመሰያ ጌጥና ስለ ሠሪው ማኅተም

የዕቃ ዋጋ የሚወሰነው ዕቃው በተሠራበት ማዕድን ነው የሚለው አሳብ በነጋዴ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ወርቅ በግራሙ ይመዘናል፤ ብር በክብደቱ ይሸጣል፤ ናስና መስተዋት ግን ከጌጥ መደብር በገቡ ጊዜ እንደ ልጅ መጫወቻ ይቈጠራሉ። ይህ አሳብ በብዙ ነገር እውነት ቢሆንም ሁልጊዜ እውነት እንዳይደለ የሚያስረዳ አንድ የንግድ ዘርፍ አለ። ይኸውም ስመ ጥር የሆኑ ሠሪዎች ያወጡትን አሮጌ የማስመሰያ ጌጥ እየፈለጉ የመሰብሰብና የመሸጥ ንግድ ነው።

ማስመሰያ ጌጥ ማለት በኢትዮጵያ ገበያ «አርቲፊሻል» እየተባለ የሚጠራው፣ ከናስ፣ ከቈርቈሮና ከእርሳስ ቅልቅል፣ ከመስተዋትና ከፕላስቲክ ተሠርቶ የወርቅና የከበረ ድንጋይ መልክ የተሰጠው ዕቃ ነው። አዲስ ሆኖ በሱቅ ሲሸጥ ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ነገር ግን ከሠሪዎቹ አንዳንዶቹ ባወጡት ዕቃ ላይ ሃምሳና ሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ገዢው በቀላል ወርቅ ላይ የማያወጣውን ገንዘብ ያወጣበታል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብሎ መጠየቅ፣ ጌጥ ለሚያስመጣውም ለሚሸጠውም የሚጠቅም ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሁሉ ይልቅ ያሳወቀው በ1996 በኒውዮርክ ከተማ የተደረገው ሐራጅ ነው። ሶዘቢ የተባለው የሐራጅ ቤት የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ባለቤት የነበሩትን የወይዘሮ ዣክሊንን ንብረት ሲሸጥ፣ ከዕቃዎቹ መካከል ባለ ሦስት ድርድር የሆነ የመስተዋት ዕንቍ ሐብል ነበረበት። ዐዋቂዎች የገመቱለት ዋጋ ከ500 እስከ 700 ዶላር ነበር። ሐራጁ ሲያልቅ ግን 211,500 ዶላር አወጣ። የገዛውም ፍራንክሊን ሚንት የተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ ሐብሉን ከገዛ በኋላ አምሳያውን እያሠራ ለሕዝብ ሸጠ። ሻጩም ገዢውም ዕንቍው የባሕር ዕንቍ እንዳይደለ ያውቁ ነበር፤ የሐራጁም መዝገብ ይህንኑ በግልጽ ጽፎት ነበር። የተሸጠው ስሙና ታሪኩ ነው፤ ታሪኩም የተረጋገጠ ስለ ነበረ ተሸጠ።

እንዲህ ያለው ዕድል የሚገኘው በታላቅ ሰው አንገት ላይ ለዋለ ጌጥ ብቻ ነው የሚል ሰው ይኖራል። አባባሉ ከፊሉ ትክክል ነው። ሆኖም የዚህ ንግድ ዋነኛው ክፍል የቆመው በለባሹ ዝና ላይ ሳይሆን በሠሪው ስም ላይ ነው። ይህን ለመረዳት ሥራው ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል።

በ18ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ ከተማ ጆርጅ ፍሬደሪክ ስትራስ የተባለ ጌጥ ሠሪ፣ እርሳስ ከበዛበት መስተዋት የአልማዝ መልክ ያለው ፈርጥ እያወጣ ለመኳንንቱ ይሸጥ ነበር። ሥራውን ደብቆ አልማዝ ነው አላለም። በ1734 የንጉሡ ጌጥ ሠሪ ተብሎ ተሾመ፤ ስሙም እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የመስተዋት ፈርጥ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ በቦሔሚያ፣ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በሚባለው አገር፣ ያብሎኔትስ በተባለችው ከተማ የመስተዋት ዶቃና ፈርጥ የሚሠሩ ቤተ ሰቦች በዙ። ከዚያው አካባቢ የተወለደው ዳንኤል ስዋሮቭስኪ ፈርጥ የሚሞርድ መኪና ፈልስፎ በ1895 በኦስትሪያ፣ ቫተንስ በምትባል መንደር፣ በወንዝ ኃይል የሚሠራ ፋብሪካ አቆመ። በእጅ ሲሞረድ ብዙ ጊዜ ይፈጅ የነበረው ፈርጥ በመኪና በብዛት መውጣት ጀመረ፤ የፈርጡም ጥራት ከመደብ ወደ መደብ ሳይለዋወጥ አንድ ዓይነት ሆነ።

በ1920ዎቹ ዓመታት ኮኮ ሻኔል የተባለችው የፓሪስ ልብስ ሰፊ፣ እውነተኛውን ዕንቍ ከመስተዋቱ ጋር ቀላቅላ በማድረግና ለደንበኞቿም እንዲሁ በመሸጥ የጌጥን ትርጕም ለወጠች። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ማስመሰያ ማድረግ የእጅ ማጠር ምልክት ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ጌጥ የሀብት ማሳያ መሆኑ ቀርቶ የልብስ ማሟያ ሆነ። በእውነተኛ ወርቅ መግዛት የሚችሉ እመቤቶች የናሱን ለመልኩ ሲሉ ገዙት።

ሥራው በሰፊው ያደገው ግን በአሜሪካ ነው። የሮድ አይላንድ ዋና ከተማ ፕሮቪደንስ በጌጥ ፋብሪካዎች የታወቀች ነበረች። በ1929 የገንዘብ ገበያው ወድቆ የወርቅና የአልማዝ ገዢ በጠፋ ጊዜ፣ ለታላላቆቹ ጌጥ ቤቶች ይሠሩ የነበሩ ብልሃተኞች እንጀራቸውን ከማስመሰያው ሥራ ፈለጉ። አልፍሬድ ፊሊፕ የተባለው ንድፍ አውጪ ለካርቲዬና ለቫን ክሊፍ የሚሆን የከበረ ጌጥ ሲነድፍ የቆየ ሰው ነበር፤ በ1930 ከናፖሊ የመጣ ስደተኛ ባቋቋመው በትሪፋሪ ኩባንያ ገብቶ ያንኑ ጥበቡን በመስተዋትና በቅብ ላይ አዋለው። ፈርጦቹ በሙጫ ብቻ ተጣብቀው የቀሩ ሳይሆኑ፣ ብዙዎቹ እንደ አልማዝ በጥርስ ተይዘው የተሰኩ ነበሩ። በ1953 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሥልጣን በያዙበት ዕለት ባለቤታቸው በበዓሉ ጭፈራ ላይ ያደረጉት የትሪፋሪን የማስመሰያ ዕንቍ ነበር። የአገር መሪ ባለቤት ፋብሪካው የሠራውን ማስመሰያ በአደባባይ ስታደርግ፣ ለሠሪው ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ አይገኝም።

ለነጋዴ ይበልጥ ትምህርት ያለበት ነገር የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የትሪፋሪን ንድፍ ሌላ ኩባንያ ገልብጦ በመሸጡ ጉዳዩ ለኒውዮርክ ፍርድ ቤት ቀረበ። ተከሳሹ ይህ ተራ ብልጭልጭ ነው እንጂ የሕግ ጥበቃ የሚገባው ኪነ ጥበብ አይደለም ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን በ1955 የማስመሰያ ጌጥም ቢሆን እንደ ኪነ ጥበብ ሥራ ሊጠበቅ የሚገባው መሆኑን ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ሠሪዎቹ ከስማቸው አጠገብ በክብ ውስጥ ያለውን የባለመብትነት ምልክት መቅረጽ አዘወተሩ። ዛሬ ሰብሳቢው ይህን ምልክት ያየበትን የአሜሪካ ጌጥ፣ ምናልባት ከ1955 በኋላ የተሠራ ይሆናል ብሎ ይገምታል። ለመብት ማስከበሪያ የተቀረጸ ትንሽ ምልክት ከሰባ ዓመት በኋላ የልደት ወረቀት ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው።

በዚህ ንግድ የሠለጠነ ሰው ጌጡን ሲቀበል አስቀድሞ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ነው። በጀርባው የሠሪው ማኅተም፣ የመርፌው አያያዝ፣ የመቈለፊያው ዓይነትና የቅቡ ጥራት ይነበባል። ለምሳሌ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለማስመሰያ ጌጥ ያገለግል የነበረው ነጭ ብረት ለጦር ሥራ ስለ ተያዘ፣ የአሜሪካ ሠሪዎች ወርቅ የተቀባ ንጹሕ ብር ለመጠቀም ተገድደዋል። ስለዚህ በጀርባው የንጹሕ ብር ማኅተም ያለበት የታወቀ ፋብሪካ ብሮሽ፣ ብዙ ጊዜ የዚያ ዘመን ሥራ መሆኑ ይታወቃል። እንዲሁም የቀስተ ደመና መልክ የሚሰጠውን የፈርጥ ቅብ ስዋሮቭስኪ ከክሪስቲያን ዲዮር ልብስ ቤት ጋር ሆኖ ያወጣው በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ነው። እንግዲህ አንድ ሻጭ በእንዲህ ያለ ፈርጥ የተሞላ ጌጥ ይዞ «ከ1930 በፊት የተሠራ ነው» ቢል፣ ወይ አያውቅም ወይ ያታልላል።

ማኅተም የሌለው ሁሉ ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በ1920ዎቹ ዓመታት በኒውዮርክ ሱቅ የከፈተችው ሚሪያም ሃስከል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያወጣቻቸው ጌጦች ስሟ የተቀረጸባቸው አልነበሩም። ዐዋቂ ሰው የሚለያቸው ትንንሾቹ ዶቃዎች በቀጭን ሽቦ አንድ በአንድ በእጅ ከመደቡ ጋር በመታሰራቸው ነው። ይሁን እንጂ ማኅተም የሌለውን ጌጥ ለመሸጥ ዐዋቂ ሰው መጥራት፣ መከራከርና ማስረዳት ግድ ይሆናል። ማኅተም ያለው ራሱ ይናገራል። የዚያ ሁሉ ድካም ዋጋ በመጨረሻው ከሻጩ ትርፍ ላይ የሚቀነስ ነው።

ከማኅተሙ ቀጥሎ ዋጋ የሚወስነው አያያዙ ነው። የመስተዋት ፈርጥ የሚያበራው በጀርባው በተለበጠው ስስ የብረት ቅብ ስለሆነ፣ ውሃ ከገባበት ቅቡ ይጠቍራል፤ ፈርጡም ይሞታል። ይህን ያላወቀ ባለሱቅ ጌጡን አጸዳለሁ ብሎ በሳሙና ውሃ ዘፍዝፎ በአንድ ሌሊት ዋጋውን ያጠፋዋል። ሽቱና ላብ የመስተዋት ዕንቍን ቅብ ይልጣሉ። በናሱ ላይ የሚወጣው አረንጓዴ ዝገት ካልተገታ ብረቱን ይበላዋል። ሐብሉ፣ ጉትቻውና አምባሩ ሳይለያዩ፣ ከነመጀመሪያው ሣጥናቸው የተገኙ እንደሆነ፣ ለየብቻ ከሚሸጡበት ዋጋ በላይ ያወጣሉ። ስለዚህ የባዶ ሣጥንና የአሮጌ ደረሰኝ ጥቅም የሚታወቀው ከተጣሉ በኋላ ነው።

የሆሊውዱ ዩጂን ጆሴፍ ያደረገው ደግሞ ከሁሉ የተለየ ብልሃት ነው። ይህ ሰው ለፊልም ሥራ የሚሆን ጌጥ እየሠራ ለፊልም ኩባንያዎች ይሰጥ ነበር፤ የሚሰጠው ግን በሽያጭ ሳይሆን በኪራይ ነበር። የፊልሙ መብራት በወርቁ ላይ እያንጸባረቀ እንዳያስቸግር የደበዘዘ የወርቅ መልክ ያለው ቅብ አዘጋጀ። ፊልሙ ሲያልቅ ጌጡ ወደ ግምጃ ቤቱ ይመለሳል፤ ነገ በሌላ ፊልም፣ በሌላ ተዋናይት አንገት ላይ ይውላል። እርሱ በ1948 በአውሮፕላን አደጋ ቢሞትም ባለቤቱ ሥራውን ይዛ ቀጠለች። አንዱን ዕቃ አንድ ጊዜ ሸጦ ከመለያየት፣ ዕቃውን በእጅ አቆይቶ አገልግሎቱን ደጋግሞ መሸጥ እንደሚቻል ይህ ምሳሌ ያሳያል። የሠርግ ልብስና ጌጥ ለሚያከራዩ የከተማ ነጋዴዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ የሚጐድለው ዕቃውን በመዝገብ ይዞ ታሪኩን ማቆየት ነው።

የዚህ ንግድ ክፉ ገጽታም መነገር አለበት። ዋጋ ባለበት አስመሳይ አይጠፋም፤ የማስመሰያውም ማስመሰያ አለው። በታወቁ ሠሪዎች ስም የሐሰት ማኅተም የተቀረጸባቸው አዳዲስ ጌጦች አሮጌ ተብለው በገበያ ላይ ይገኛሉ። ከዚህ የከፋው ደግሞ የወርቅ ቅብ የሆነውን ወርቅ ነው ብሎ መሸጥ ነው። እንዲህ ያለው ሻጭ ለገዢው የሚያደርገው «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» እንደ ተባለው ነው። አንዲት እናት ለልጇ ጥሎሽ የሰበሰበችውን ገንዘብ ለቅብ ከከፈለች በኋላ ቅቡ ሲገፈፍ፣ የምትረግመው አንዱን ባለሱቅ ብቻ አይደለም፤ የጌጥ ነጋዴውን ሁሉ በአንድነት ትጠረጥራለች። በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛውን የሚሸጥ ሰው በሐሰተኛው ዕዳ ይያዛል።

የጤናም ጉዳይ አለበት። በርካሽ ጌጥ ውስጥ የሚቀላቀለው ኒኬል የብዙ ሰዎችን ቆዳ ያሳክካል፤ እርሳስና ካድሚየም ደግሞ ጌጥ አፋቸው ውስጥ ለሚከቱ ሕፃናት አደገኛ መርዝ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት በጌጥ ብረት ውስጥ የሚገኘው ካድሚየም ከ0.01 በመቶ፣ እርሳሱም ከ0.05 በመቶ በታች እንዲሆን ደንግጓል። ከዲሴምበር 10 ቀን 1961 በፊት የተሠራውን አሮጌ ጌጥ ግን ከእርሳሱ ደንብ ነጻ አድርጎታል። ሕጉ ራሱ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ከለየ፣ ጌጡ የተሠራበትን ዘመን ማስረዳት የሰብሳቢ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የጉምሩክ ጉዳይ ይሆናል። ጌጥ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴም ከላኪው የብረቱን ቅልቅል የሚገልጽ ወረቀት ሳይጠይቅ ማዘዝ አይገባውም።

ማኅተምን ማመን ለኢትዮጵያ ነጋዴ አዲስ ትምህርት አይደለም። ጠገራ ብር በአገሩ ሲሠራበት በነበረበት ዘመን፣ በ1780 የሞተችው የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበትን ይህን ገንዘብ ነጋዴው ዝም ብሎ አይቀበለውም ነበር። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥና በራስዋ ላይ ያለው ዘውድ ፈርጦቻቸው ተለይተው የሚታዩ መሆናቸውን በጣቱ ዳስሶ፣ በዓይኑ ቈጥሮ ነበር የሚቀበለው። ፈርጡ የተዳፈነበት ገንዘብ ብሩ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ይመለስ ነበር። ማኅተሙ በግልጽ እንዲነበብ አጥብቆ የጠየቀ ነጋዴ የልጅ ልጅ፣ ዛሬ ማኅተም የሌለውን ዕቃ በጆንያ ገዝቶ በጆንያ ቢሸጥ የአያቱን ብልሃት ረስቷል ማለት ነው።

አንጥረኞች ያንኑ ጠገራ ብር እያቀለጡ መስቀል፣ ድሪና አምባር ሠርተውበታል። እነዚህ ሥራዎች ዛሬ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች እጅና በቤተ መዘክሮች ውስጥ ይገኛሉ። ነገር ግን በብዙዎቹ ላይ የሠሪው ስም አልተቀረጸም። ስለዚህ ዋጋቸው የሚነገረው በአገርና በዘመን እንጂ በሠሪው አይደለም፤ የአንጥረኛው ልጆችም ከአባታቸው ስም የሚያገኙት ጥቅም የለም። በሌላ በኩል ከናስና ከመስተዋት ሌላ ያልነበረው ፋብሪካ በጀርባው ላይ ስሙን ስለ ቀረጸ፣ ሠሪዎቹ ከሞቱ በኋላ እንኳ ስሙ ገንዘብ ያመጣል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የተባለው ይህን ለመሰለ ነገር ነው።

እርግጥ ነው፣ የሰብሳቢ ፍላጎት እንደ ፋሽን ይለዋወጣል፤ ዛሬ የሚፈለገው ነገ ሊረሳ ይችላል። ስለዚህ አንድ ነጋዴ የሱቁን የሥራ ገንዘብ አውጥቶ በአሮጌ ብሮሽ ላይ ያኑረው የሚል ምክር እዚህ አይሰጥም። ጌጥ ለመሰብሰብ የሚወድ ሰው ቢጠፋ የማይጐዳውን ገንዘብ ያውጣ፤ የሚገዛውም መጀመሪያ ዓይኑ የወደደውን ይሁን። ከዚህ ንግድ መወሰድ ያለበት ዋነኛው ትምህርት ሌላ ነው። ማስመሰያ መሆን ነውር አይደለም፤ ነውሩ ማስመሰያነትን መደበቅ ነው። ስትራስ መስተዋቱን መስተዋት ብሎ ሸጠ፤ ትሪፋሪም ቅቡን ቅብ ብሎ ሸጦ ስሙን ፈረመበት። እውነቱን በመናገራቸው ዋጋቸው አልወረደም፤ እንዲያውም ከዘመናቸው በኋላ እየጨመረ ሄደ።

ይህንን ወደ ሥራ ለመለወጥ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ባለሱቁ በደረሰኙ ላይ «ወርቅ»፣ «የወርቅ ቅብ»፣ «ብር»፣ «ናስ» ብሎ ለይቶ ይጻፍ፤ በመስኮቱም ቅቡን ከወርቁ ጋር በአንድ ሰሌዳ ላይ አያሳይ። አስመጪው ስማቸው ከማይታወቅ ላኪዎች የተደባለቀ ዕቃ ከማዘዝ ይልቅ፣ መጠኑን ቀንሶ የሠሪው ማኅተም ያለበትን ይዘዝ። ላኪው ደግሞ ከአንጥረኛ የሚረከበው እያንዳንዱ የብር ሥራ የአንጥረኛውን ምልክት፣ የብሩን ጥራትና የተሠራበትን ዓመት የያዘ እንዲሆን በውሉ ውስጥ ያስገባ። አንዲት ትንሽ የብረት ማኅተም ለማሠራት የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የምትሰጠው አገልግሎት ግን የአንጥረኛውን የሥራ ዘመን ሁሉ የሚያህል ነው።

በየቤቱ ሣጥን ውስጥም ከውጭ አገር ዘመድ የተላከ፣ ወይም ከእናት የተወረሰ «ወርቅ ስላልሆነ» የተናቀ ጌጥ አይጠፋም። ባለቤቱ ለልጆች መጫወቻ ከመስጠቱ በፊት ገልብጦ ጀርባውን ይመልከት። የሚያነበው ስም ካገኘ ለሚያውቅ ሰው ያሳይ፤ ካላገኘም የጠፋበት ነገር የለም። ነጋዴውም እንዲህ ያለውን ዕቃ ይዞ የመጣውን ሰው አለማወቁን ተጠቅሞ በኪሎ ከሚገዛው፣ ማኅተሙን አንብቦለት የሚገባውን ዋጋ ቢነግረው ይበጀዋል። በዚህ መንገድ የተገኘ ደንበኛ ወርቅ የሚገዛበት ቀን ሲመጣ የት እንደሚሄድ ያውቃል።